ድሬ ላይ ሆኜ የብርድ ልብስ ልሰፋ ነው (ቀላል ኩዊልት፣ ለቁልቢና ለቁንዱዶ)

ከዚራ_ልጅ
ጥቅምት 23

ሰላም ለዚህ ቤት። መጀመሪያ ሳቁና ጨርሱ። ድሬ ዳዋ ተቀምጬ፣ ቬንትሌተር ፊቴ ላይ እየነፋ፣ የብርድ ልብስ ልሰፋ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና ለታኅሣሥ ገብርኤል ከጓደኞቼ ጋር ከድሬ ቁልቢ በእግር ሄድን። የእናቴን ጋቢ ጀርባዬ ላይ አስሬዋለሁ። የደንገጎን አቀበት ስንወጣ ላብ በላብ ሆንኩ፤ ጋቢው ላቤን ጠጣው። ማታ ሜዳው ላይ ጋቢው እርጥብ፣ መሬቱ በረዶ፣ ጥርሴ ሲንገጫገጭ ነጋ። ስመለስ ሱቅ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት። ደርቆ እንኳ 1 ኪሎ ከ700 ግራም። አንድ ወዳጄ ከዚያ በፊት ያዋሰኝ ስሊፒንግ ባግ ደግሞ 2 ኪሎ ከ300 ነበር፤ ቦርሳዬን ግማሽ የሞላው እሱ ነው።

ዘንድሮ ቁልቢ አለ። ከጥምቀት በኋላ ደግሞ የዱር ፈረሶቹን ለማየት ቁንዱዶ ተራራ ላይ ሁለት ሌሊት ልናድር አስበናል። ስለዚህ ኩዊልት ልሰፋ ነው። ለማያውቀው፣ ጀርባ የሌለው ስሊፒንግ ባግ በሉት። ከላይ ትደርበዋለህ፣ እግር በኩል እንደ ከረጢት ይዘጋል፣ ከሥርህ ግን ምንም የለውም። የሥሩን ሥራ የሚሠራው ምንጣፉ ነው።

ያለኝ የአያቴ በእግር የሚረገጥ ሲንጀር፣ እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ የገዛሁት 6 ሜትር የጃንጥላ ጨርቅ፣ ከሶፋ ሠሪ የማገኘው ፋይበር ነው። ልኩን 110 በ190 አስቤያለሁ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ65። የሰፋችሁ ካላችሁ ሳልቆርጠው ተናገሩኝ።


ጋቢ_ይበልጣል
ጥቅምት 23

እህቴ፣ በጥቅምት አንድ አጥንት ይባላል እንጂ በጥቅምት አንድ ኩዊልት ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

ጋቢ ቀን ትለብሽዋለሽ፣ ቅዳሴ ትቆሚበታለሽ፣ ማታ ትተኚበታለሽ፣ ሲነጋ ራስሽ ላይ ትጠመጥሚዋለሽ። ያንቺው ነገር እግሩ የተሰፋ ነው። እየዘለልሽ ነው የምትሳለሚው? ቀልዴን ነው። ግማሹን ግን አይደለም።


የሰነቴ_ንፋስ
ጥቅምት 24

ከዚራ፣ ይመችሽ። ጋቢ ላይ አልፈርድም፤ አራት ድርብ ጥጥ ነው፣ ቤት ውስጥ አቻ የለውም። ጥጥ ግን ውሃ ይጠጣል፣ ቶሎም አይደርቅም። አምና የበረደሽ በዚህ ነው።

አሁን ስለ ጀርባው። ሙቀትሽን የሚይዘው ፋይበሩ መሃል የታሰረው አየር ነው። ስትተኚበት ከሥርሽ ያለው ፋይበር ይደፈጠጣል፣ አየሩ ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ የሚጠቅምሽ ትንሽ ነው። ለዚያ ነው የስሊፒንግ ባግን ጀርባ ቆርጦ መጣል የተጀመረው። ስለዚህ ኩዊልቱ ምንም ያህል ቢሳካልሽ ጥሩ ምንጣፍ ከሌለሽ ትበርጃለሽ። የሶፋ ስፖንጅ አይሆንም፤ ይደፈጠጣል፣ እርጥበትም ይጠጣል። ድፍን ያለው፣ ውሃ የማያስገባው የዮጋ ምንጣፍ ይሻላል። ሁለት ብትደርቢ ደግሞ በጣም ጥሩ።

ብርዱን እናስላው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ገደማ ይቀንሳል። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት። ቁንዱዶ ወደ 3,000 ይጠጋል። በከፍታው ብቻ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት ዲግሪ ወረድሽ ማለት ነው። ታኅሣሥና ጥር ላይ ደግሞ ሰማዩ ጥርት ስለሚል መሬቱ ሌሊት ሙቀቱን ለሰማይ ይለቃል። የቀኑን ፀሐይ አትመኚ፤ ያንቺ ጉዳይ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጋር ነው። እኔ ባሌ ሰነቴ ላይ፣ 4,000 ሜትር አካባቢ፣ ጠዋት የውሃ ጠርሙሴን በረዶ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ያንቺ እንደዚያ አይከፋም።

በውጭ አገር ራሳቸው የሚሰፉ ሰዎች የሚወዱት ክላይማሺልድ ኤፔክስ የሚባል ፋይበር አለ። ጭረቱ ረጅምና ያልተቆራረጠ ስለሆነ በመሃሉ ሳትሰፊ ዳር ዳሩን ብቻ መያዝ ይበቃል። በካሬ ሜትር 122 ግራም የሚመዝነውን እስከ አራትና አምስት ዲግሪ፣ 167 የሚመዝነውን እስከ ዜሮ አካባቢ ይጠቀሙበታል። ግምት ነው እንጂ ሕግ አይደለም። የፋብሪካ ስሊፒንግ ባግ አይኤስኦ 23537 በሚባል መለኪያ ተፈትኖ ነው ሁለት ቁጥር የሚጻፍበት፤ አንዱ ተመችቶሽ የምትተኚበት፣ ሌላው ተኮራምተሽ የምታድሪበት ነው። ሻጭ የሚጮኸው ሁለተኛውን ነው። ቤት የተሰፋ ግን የሚፈትነው ባለቤቱ ነው።

ክብደቱን ተመልከቺ። የኩዊልቱ ስፋት ሁለት ካሬ ሜትር ተኩል ቢሆን፣ 122ቱ ፋይበር 305 ግራም ነው። በካሬ 30 ግራም የሚመዝን ቀጭን ናይለን ከላይና ከታች ሲሆን 150። ገመድና ክር ጨምሪበት፣ ግማሽ ኪሎ አይሞላም። ያንን ናይለን 10 ዲኒየር ይሉታል፤ ክሩ 9,000 ሜትር ሲረዝም 10 ግራም ይመዝናል ማለት ነው።

ሁለት ነገር ግን አልወደድኩልሽም። የጃንጥላው ጨርቅ ውሃ እንዳያስገባ የተቀባ ነው። ሰውነትሽ ሌሊቱን ሙሉ እንፋሎት ያወጣል። መውጫ ካጣ ፋይበሩ ውስጥ ውሃ ሆኖ ይቀራል፣ ጋቢሽን አድርቀሽ እንደገና ረጠብሽ። ሁለተኛው 110 የሚለው ነው። ጠባብ ነው። ትከሻ ላይ ቢያንስ 135፣ እግር ጋ 100 ይሁን። በጎንሽ ስትገለበጪ ጉልበትሽ ይወጣል፣ ዳሩ ይነሳል፣ ንፋሱ ይገባል። ርዝመቱ ጥሩ ነው።


ከዚራ_ልጅ
ጥቅምት 24

ኤፔክስ ድሬ ላይ የለም። ቀፊራ ገበያም ጠየቅኩ፣ ሳቁብኝ። የጃንጥላ ጨርቁን ደግሞ ገዝቼዋለሁ። 6 ሜትር! ምን ላድርገው?


መኪና_ግርግር
ጥቅምት 25

ልጄ፣ ሐረር ጁገል ውስጥ መኪና ግርግር የሚባለውን መንገድ ታውቂዋለሽ። ስሙን ያገኘው ከኛ ከልብስ ሰፊዎቹ መኪና ድምፅ ነው። እኔም እዚያው ነኝ። ይሄን ኩዊልት የምትሉትን ሰፍቼ አላውቅም። ዚፑ የሄደ ስሊፒንግ ባግ ግን ስንቱን ጠገንኩ፣ ውስጡን አይቼዋለሁ።

ከመርፌው እንጀምር። 70 ቁጥር፣ አዲስ። ጂንስ የሰፋሽበትን 100 ቁጥር እዚያው ብትተዪው ቀዳዳው ቁልጭ ብሎ ይቀራል፤ ቀጭን ናይለን እንደ ጥጥ ተመልሶ አይገጥምም። ክሩ ፖሊስተር ይሁን፣ የጥጥ ክር እርጥበት ያበሰብሰዋል። ስፌቱን አታጠጋጊው። በአንድ ሳንቲ ሜትር ሦስት ወይ አራት ይበቃል። ካበዛሽው እንደ ቴምብር ጠርዝ በሳስተሽው በዚያው መስመር ይተረተራል። ሰው ባጠጋጋሁት ቁጥር ይጠነክራል ይላል፣ በቀጭን ጨርቅ ግን ተቃራኒው ነው።

ጨርቁ ይንሸራተትብሻል። የመኪናውን እግር ጫና ቀንሺ፤ ከጨርቁ ሥር ቀጭን ወረቀት አድርገሽ አብረሽ ስፊው፣ ሲያልቅ ወረቀቱን ቅደጂው። ፋይበሩን ደግሞ ፈጽሞ በታች በኩል አታድርጊ፣ የመኪናው ጥርስ ይበላዋል። ስፒል የምትወጊው ስፌት ከሚያልፍበት ዳር ብቻ፤ መሃል ጨርቁን እንዳትነኪ። የልብስ መቆንጠጫ ካለሽ እሱ ይሻላል። የተቆረጠውን ጠርዝ ሻማ አስጠግተሽ አቅልጪው፣ አይተረተርም። ማስጠጋት ነው ያልኩት። ማቃጠል አይደለም።

ስለ ጨርቁ ሰውዬው እውነቱን ነው። ሞክሪውና እመኚ። የፈላ ሻይ ያለበት ብርጭቆ አፍ ላይ ጨርቁን ወጥሪ፣ በላዩ ሌላ ደረቅ ብርጭቆ ድፊበት። የላይኛው ካልደመነ ጨርቁ እንፋሎት አያሳልፍም።

ለውስጥ በኩል የኮት ገበር ግዢ። ቀላል ነው፣ ለቆዳ ይለሰልሳል፣ በሜትር የትም አለ። ለውጭ ሳልባጅ ተራ ውስጥ ቀጫጭን የንፋስ ጃኬት ፈልጊ፣ ትልልቅ ቁጥሩን። ጀርባና ጀርባውን ቆርጠሽ ትቀጥይዋለሽ።

የሶፋ ፋይበር ጭረቱ አጭር ነው። ዳሩን ብቻ ከሰፋሽው በሁለት ሌሊት እግርሽ ሥር ይሰበሰባል። ፍርግርግ አድርገሽ በመኪና ከሰፋሽው ደግሞ በስፌቱ መስመር ሁሉ ፋይበሩ ይጨፈለቃል፣ ብርዱ በዚያ ይገባል። የድሮ ጥጥ ፍራሽ ሠሪ ምን ያደርግ ነበር? በወፍራም መርፌና በሲባጎ ቦታ ቦታው ላይ ይቋጥራል። አንቺም በየ25 ሳንቲ ሜትሩ በእጅ ቋጥሪው፣ በክር። አላልተሽ። አፍንጫ እንደሚይዝ ሰው አድርገሽ ከጎተትሽው እንደ ሶፋ ጎድጉዶ ይቀራል።


ዶርም_ቁጥር_ረሳሁ
ጥቅምት 27

የሞኝ ጥያቄ አለኝ። ውዱ ጃኬትና ስሊፒንግ ባግ ውስጡ ላባ ነው ይላሉ። እኛ ቤት በየበዓሉ ዶሮ ይነጫል። ዘመድ አዝማዱን ሁሉ ላባ ባሰባስብ አንድ ኩዊልት አይወጣውም?


የሰነቴ_ንፋስ
ጥቅምት 27

ፋሲካን በሙሉ ብትሰበስብም አይወጣህም። እነሱ የሚሞሉት የዝይና የዳክዬ የደረት ሥር ለስላሳ ብናኝ ነው፤ አገዳ የለውም፣ እንደ ጥጥ ፍንዳታ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይበተናል። ውሃ ላይ የሚኖር ወፍ ብርዱን የሚችለው በዚያ ነው። የዶሮው ላባ አገዳ አለው፣ ጠፍጣፋ ነው፣ አየር አይዝም። ይወጋሃል። በደንብ ካልታጠበ ደግሞ ይሸታል፣ ወጡን እያሰብክ ነው የምታድረው።

ጥራቱን የሚለኩት በሚይዘው ቦታ ነው። 800 የተባለው 28 ግራሙ 13 ሊትር ያህል ቦታ ይሞላል። እስቲ አስበው፣ አንድ እፍኝ ላባ ከአሥር ሊትር ጀሪካን ሲተርፍ።

ሳልባጅ ውስጥ እውነተኛ የላባ ጃኬት አንዳንዴ ይገኛል። ፈትቶ ላባውን ማዛወር ይቻላል። ጓደኛዬ ሞክሮታል፣ ሦስት ቀን ሲያስል ከረመ። ለመጀመሪያ ሥራ ፋይበር ይሻላል።


ዶርም_ቁጥር_ረሳሁ
ጥቅምት 27

ቬንትሌተር አብርቶ ነው እንዴ የፈታው?


የሰነቴ_ንፋስ
ጥቅምት 27

አዎ 😂


ከዚራ_ልጅ
ኅዳር 11

ተሰፋ! ልተርክላችሁ።

ጋሼ መኪና ግርግር ያሉትን የሻይ ሙከራ አደረግኩ። በጃንጥላው ጨርቅ ላይ የተደፋው ብርጭቆ ሩብ ሰዓት ቆይቶም ደረቅ ነው። በገበሩ ላይ የተደፋው ወዲያው ደመነ። አለቀ፣ የጃንጥላው ጨርቅ የኩዊልቱ መክተቻ ከረጢትና መሬት ላይ የሚነጠፍ ሸራ ሆነ። የተረፈውን እናቴ ለልብስ ማጠቢያ ማሽን ልብስ አደረገችው፤ በሉ እንግዲህ፣ ማሽኑ ከኔ በፊት ለበሰ።

ሳልባጅ ውስጥ ሁለት ሰዓት ዞሬ ሦስት ሰፋፊ የንፋስ ጃኬት አገኘሁ። አንዱ ሻጭ ንጹሕ ላባ ነው ብሎ ጃኬት ጎትቶ አምጥቶልኝ ነበር። ስጨብጠው ውስጡ እንደ ጋዜጣ ተንኮሻኮሸ። ትቼው ሄድኩ።

አሰፋፉ እንደ ትራስ ልብስ ነው። ሁለቱን ጨርቅ ፊት ለፊት ገጥሜ ዘረጋሁ፣ ፋይበሩን በላያቸው አነጠፍኩ፣ ዙሪያውን ሰፋሁና አንድ ክንድ ያህል አፍ ተውኩ፣ በዚያ ገለበጥኩት። ሲገለበጥ ፋይበሩ መሃል ገባ። ይሄን ሳይ በደስታ ጮኽኩ፣ ጎረቤት መጣ።

ጥፋቴንም ልናገር። አንዱን ጎን ስጀምር ፋይበሩን በታች አድርጌ ነበር። ጋሼ አታድርጊ ያሉትን! ጥርሱ ጎተተው፣ ክሩ ከታች ተጠቅልሎ መኪናው ቀጥ አለ። በመቀስ ስፈታው አመሸሁ። ወረቀቱን ከሥር ካደረግኩ በኋላ ግን እንደ ቅቤ ሄደ። ደግሞ ድሬ ላይ ፋይበር ታቅፎ መስፋትን ለጠላቴም አልመኝ። ላቤ መርፌው ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

እግሩን 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ሰፍቼ ዘጋሁት፣ ጫፉ ላይ ገመድ አስገባሁ። አንገት ጋም ገመድ አለው። ቋጠሮዎቹን ሁለት ምሽት በእጄ ቋጠርኩ። ሚዛን ላይ 690 ግራም። ከእናቴ ጋቢ አንድ ኪሎ ቀነሰ ማለት ነው።

ወርዱ ግን 112 ነው። አትቆጡኝ። ፋይበሩ የተሸጠልኝ በዚያ ወርድ ነው፣ መቀጠል ሰነፍኩ። ቀጭን ሰው ነኝ።


የሰነቴ_ንፋስ
ኅዳር 11

ሥራሽ ያምራል። በወርዱ ጉዳይ ከቁልቢ መልስ እንነጋገራለን።


ወራባ_ጎረቤቴ
ኅዳር 12

ሐረሬ ነኝ፣ ጅብ አልፈራም። ግን እግራችሁን ከረጢት ውስጥ ቋጥራችሁ ቁንዱዶ ላይ ስትተኙ ጅብ ቢመጣ እንዴት ነው የምትሮጡት? እየጠየቅኩ ነው።


ጋቢ_ይበልጣል
ኅዳር 12

ጋቢ ለባሽ ይሮጣል።


ከዚራ_ልጅ
ታኅሣሥ 22

ከቁልቢ ተመለስን። እውነቱን ልናገር።

መንገዱ ላይ ንግሥት ነበርኩ። ደንገጎን ስወጣ ቦርሳዬ አምና ከነበረው ግማሹ ነው። ኩዊልቱ ከረጢቱ ውስጥ ደረቅ ነው። ጓደኞቼ ብርድ ልብሳቸውን እየተቀባበሉ ሲሸከሙ እኔ እዘፍናለሁ።

የ18 ሌሊት ሜዳው ላይ ተኛሁ። ከሥሬ ሸራው፣ ሁለት የዮጋ ምንጣፍ። እግሬ ምድጃ ነበር። ደረቴም ደህና። አጠገቤ የነበሩ አንዲት እናት ብዙ ካዩኝ በኋላ «ልጄ፣ ይሄ ትልቅ ካልሲ ነው?» አሉኝ።

እስከ ሰባት ሰዓት ተመችቶኝ ተኛሁ። ከዚያ በጎኔ ዞርኩ። ጉልበቴ ሲታጠፍ ጨርቁን ይዞት ሄደ፣ ጀርባዬ ተከፈተ። ንፋሱ እንደ ሰው እጅ ገባ። ወደዚህ ስስበው በዚያ ይከፈታል፣ ወደዚያ ስስበው በዚህ። ይዤው የሄድኩት ትንሽ ቴርሞሜትር አሥር ሰዓት ላይ 6 ዲግሪ ይላል። ፋይበሩ ይችለው ነበር፣ የተሸነፍኩት በወርዱ ነው። ቀጭን ነኝ ያልኩት ለጉልበቴ አይሠራም።

መጨረሻ ላይ ምን ሆነ መሰላችሁ። እኚያ እናት ስገላበጥ አዩኝና የጋቢያቸውን ጫፍ ጀርባዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ። በዚያ ነው የነጋልኝ።

ጠዋት ውጭው በጤዛ ርሷል፣ ውስጡ ግን ደረቅ ነበር። ፀሐይ ስትወጣ ዛፍ ላይ ሰቀልኩት፣ ቁርስ ሳንጨርስ ደረቀ።


ጋቢ_ይበልጣል
ታኅሣሥ 22

እኔ ምንም አልተናገርኩም። የጋቢ ጫፍ ተናገረ።


የሰነቴ_ንፋስ
ታኅሣሥ 22

እኔም አልናገርም። 135።


መኪና_ግርግር
ታኅሣሥ 23

ልጄ፣ እንዳትፈቺው። ክንፍ ጨምሪበት። ከትከሻ እስከ ጭን ድረስ በሁለቱም ጎን 13 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ፣ ፋይበር ያለው። ለብቻው እንደ ቀጭን ትራስ ሰፍተሽ ገልብጪውና ከዋናው ጠርዝ ጋር ግጠሚው። መገጣጠሚያው መስመር ላይ ፋይበሩ ይጨፈለቃል ብለሽ አትፍሪ፣ ያ መስመር ከጎንሽ መሬት ጋ ነው የሚወድቀው። ደረት ላይ ቢሆን ኖሮ እምቢ እልሽ ነበር።

ከዚያ ሁለት ላስቲክ። በምንጣፉ ሥር ያልፍና ሁለቱን ክንፍ ይይዛል፣ ጫፉ ላይ ጠቅ ብሎ የሚገጥም ቁልፍ። ስትዞሪ ኩዊልቱ ከምንጣፉ ጋር ይቀራል፣ አንቺ ውስጡ ትዞሪያለሽ። ላስቲኩን ግን አታወጥሪው፣ ከወጠርሽው ጠርዙን ጎትቶ ራሱ ይከፍተዋል።


ከዚራ_ልጅ
ጥር 2

ክንፉ ገባ። ወርዱ አሁን 138፣ ክብደቱ 780 ግራም። ቅዳሜ ደንገጎ አክስቴ ግቢ ውስጥ አደርኩበት፣ አክስቴ አብዳለች ብላ ለእናቴ ደወለች። በጎኔ ዞርኩ፣ በሆዴ ዞርኩ፣ ምንም አልገባም። ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ።


ጋቢ_ይበልጣል
ጥር 3

ከዚራ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ልጄ ከጓደኞቹ ጋር ባሌ ሊወጣ ነው፣ ቱሉ ዲምቱ ድረስ። ጋቢ ያዝ ብለው ይከብዳል አለኝ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ82 ነው። ስንት በስንት ይሁን?


ከዚራ_ልጅ
ጥር 3

ስምዎን መቀየር አይርሱ 😂 ርዝመቱ 210፣ ትከሻ ላይ 145 ያድርጉት። ለባሌ ግን የኔ ፋይበር አይበቃም፣ ሁለት ድርብ ያስፈልገዋል። ወፍራም ሹራብና ኮፍያም ይያዝ፤ ኩዊልት ራስ አይሸፍንም።


የሰነቴ_ንፋስ
ጥር 3

ለራሱ የሱፍ ኮፍያ፣ ለእግሩ ለመኝታ ብቻ የሚያወጣው ደረቅ ካልሲ። ለዚያ ከፍታ ምንጣፉም ሁለት ይሁን።


ጋቢ_ይበልጣል
ጥር 3

ቤታችን የስፌት መኪና የለም። ጋሽ መኪና ግርግር፣ ቅዳሜ ሐረር ብንመጣ ይሰፉልናል?


መኪና_ግርግር
ጥር 4

ቅዳሜ የሠርግ ልብስ አለብኝ፣ አልችልም። ሰኞ ኑ። ፋይበሩን ገዝታችሁ፣ ምንጣፉን ይዛችሁ። ልጁም ራሱ ይምጣ፤ ሱቁ ወለል ላይ በጎኑ አስተኝቼው፣ ጉልበቱን አሳጥፌ ነው የምለካው።